ሲምቢሮን ለብሶ የመጣው እንግዳ

ይህ የደረሰብን የሞባይል ኢንተርኔት ሲሻው በሚጠፋበት፣ ሲሻው ደግሞ በሚመለስበት በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። እናቴ በዚያ ከሰዓት በኋላ ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ የተነሳችበትን አነሳስ ግን መርሳት አልቻልኩም። ጉልበቷን ስለሚያማት ያለ ሰው ድጋፍ የማትነሳ ሴት ነበረች።

ቤታችን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነስሩ ብቻ ነበርን። እኔ የቡና መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድረን እንቀመጥና የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለየን እንለቅማለን። ነስሩ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከወፏ መጀመር አለብኝ።

ነስሩ ልጅ እያለ፣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች አክስታችን ለእረፍት ስትመጣ በእጅ የሚያዝ ጌም አመጣችለት። የአሠሪዎቿ ልጆች ሰልችቷቸው የጣሉት ነው፤ መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ጨዋታው እንግዳ እንግዳ ፍጥረቶችን ከጫካና ከባሕር እያደኑ መያዝ፣ ማሳደግ፣ ከዚያም እርስ በርስ ማጋጠም ነው። እሳት የሚተፋ አለ፣ ድንጋይ የለበሰ አለ፣ ባለ ሦስት ራስም አለ። የሰፈር ልጆች በትከሻው ላይ እየተጋፉ ያያሉ፤ ሁሉም የሚቋምጠው ለአስፈሪዎቹ ነው።

ነስሩ የወደደው አንዲት ወፍ ነበር። አረንጓዴ ናት። እግሯ ከሰውነቷ ይበልጣል፤ አናቷ ላይ እንደ በሰለ የቡና ፍሬ ቀይ ቀይ ነገር በቅሎባታል። ክንፍ አላት፤ ግን አትበርም፣ ትሮጣለች። ጨዋታው በማናነበው ፊደል የተጻፈ ስለነበር እውነተኛ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። ነስሩ ሲምቢሮ አላት፤ በኦሮምኛ ወፍ ማለት ነው። ሲያጋጥማት ወዲያው ትሸነፋለች። ልጆቹ «ይቺን ጣልና ሌላ ያዝ» ሲሉት፣ «የያዝኳት እኔ፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ይላል። ተሸንፋ ስትወድቅ ያስነሳታል፣ እንደገና ከታች ጀምሮ ያለማምዳታል። እናቴ «ለእኔ ዶሮዎች እንኳ እንዲህ የለፋ የለም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ጌሙ ተበላሽቶ ሲቀር ሰው እንደሞተበት አለቀሰለት። ከዚያ በኋላ ወፏን መሳል ጀመረ። በመጀመሪያ የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል፣ አድጎ ባጃጅ መንዳት ሲጀምር ደግሞ ከባጃጁ ኋላ በቀለም። በዚያው ስሙ ጠፋ። ከቦሳ ኪቶ እስከ ጊንጆ ጉዱሩ «ሲምቢሮ፣ መናኸሪያ አድርሰኝ» እንጂ ነስሩ የሚለው አልነበረም። አንድ ጊዜ ያንኑ ሥዕሉን ወስዶ ቢጫ ቲሸርት ላይ አሳተመው። አታሚው ልጅ «አንድ ብቻ አላትምም» ብሎት ነበር፤ ለምኖ ነው ያሳተመው። እንዲህ ያለች ቲሸርት ሌላ ቦታ የለችም።

ባጃጁ የሌላ ሰው ንብረት ነበር። ባለቤቱ በድንገት ሲሸጠው ነስሩ ሥራ ፈታ። ጠዋት ወጥቶ ድልድይ ላይ ተደግፎ ይውላል። ማታ ሲገባ እናቴን ቀና ብሎ አያያትም። እንጀራ ስታቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል፤ እንዳልበላ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር የሱዳን፣ የሊቢያ፣ የባሕር ወሬ ጀመረ። አንድ ቀን ለእናቴ «አጋሮ የቡና ሥራ አግኝቻለሁ» ብሏት ወጣ። ያቺን ቢጫ ቲሸርት ነበር የለበሰው። ለእኔ ከመተማ ደወለልኝ።

«እማን አደራ። ስሻገር እደውላለሁ» አለኝ።

አልደወለም።

አብረውት የሄዱት ልጆች ቤት ግን ስልክ ይጮህ ነበር። ልጃችሁን ይዘነዋል፣ ገንዘብ ላኩ የሚል የአጋቾች ስልክ ነው። ልጁ እየተመታ ሲጮህ ያሰሟቸዋል። ለእኛ እንዲህ ያለ ስልክ አንድም ቀን አልመጣም። እናቴ ይህን በደግ ተረጎመችው። «አልያዙትም ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ተሻግሯል» ትል ነበር። ልጆቻቸው የተያዙባቸውን እናቶች ልታጽናና ስትሄድ እንኳ ፊቷ ላይ ትንሽ ደስታ ነበር፤ እየደበቀችው። እኔም አመንኳት። ስልኳን ከእጇ አትለይም፤ ስትሰግድ ከመስገጃዋ አጠገብ ታኖረዋለች። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ሲገባ እንኳ «እዚያ ሥራ ይበዛል» ነበር የምትለው።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። መጋዘኑ ስላልተከፈተ እቤት ነኝ፤ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። እናቴ እንደ ልማዷ በር ላይ ዱካዋን አውጥታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከሩቅ በደንብ አያይም። ድንገት ዱካው ሲገለበጥ ሰማሁ።

ቀና ስል እናቴ ቆማለች። ከዚያ ሮጠች። በሕይወቴ ስትሮጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ነስሩ! ልጄ ነስሩ! መጣህልኝ!»

እጄ በሳሙና እንደ ተነከረ ተከትያት ወጣሁ። መንገዱ መሀል ቢጫ ቲሸርት የለበሰ ረጅም ቀጭን ልጅ ቆሟል። ወፏ ደረቱ ላይ ናት። እኔም ለአንድ አፍታ አምላኬን ያመሰገንኩ ይመስለኛል። እናቴ ደርሳ ተጠመጠመችበት፤ ፊቷን ደረቱ ላይ ቀበረች። እኔ ግን ፊቱን አየሁት። የማላውቀው ሰው ነው።

ልጁ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ። ሊያቅፋትም ሊያስለቅቃትም አልደፈረም።

«ሃዳ» አላት በመጨረሻ፣ እናቴ እንደማለት ነው። «ሃዳ፣ ማሎ፣ እባክሽ… እኔ እሱ አይደለሁም።»

እናቴ ቀስ ብላ ቀና አለች። መጀመሪያ ወፏን አየች፤ ከዚያ ፊቱን። እንደገና ወፏን አየች። ቲሸርቷን ግን አልለቀቀችም፤ በጨበጠችበት እጇ እየጎተተች ወደ ቤት አስገባችው።

ልጁ ኢብሳ ይባላል። አገሩ ከሰቃ ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች አንዱ ነው። ውሃ ሰጠሁት፣ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ ተቀመጠ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

«ልጄስ? ኋላ ነው የሚመጣው?» አለችው።

ኢብሳ ወደ እኔ አየ። እንድረዳው የፈለገ ይመስላል። ምን ላደርግለት እችላለሁ? ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ነገረን።

የተገናኙት ሊቢያ ውስጥ፣ ስደተኛ ታስሮ የሚገዛበትና የሚሸጥበት አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ በጣም ብዙ ናቸው። ወንድሜ እዚያም ሲምቢሮ ነበር። ሰው ሁሉ ፈርቶ ሲቀመጥ ያንን የልጅነት ጌሙን በአፉ ያጫውታቸዋል። «አሁን ጫካ ገብታችኋል። በግራ ወንዝ አለ፣ በቀኝ ዋሻ አለ። በየት ትሄዳላችሁ?» ይላቸዋል። እነሱ ይመርጣሉ፤ እሱ ያገኙትን ፍጥረት ይነግራቸዋል። ኢብሳ «ጌም የሚባል ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም» አለን። «ግን ጫካውን አውቀዋለሁ። ወፏንም ሦስት ጊዜ ይዣት አምልጣኛለች።»

ይህን ሲል ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

እናቴ «ለምን አልደወሉልንም? ለሰው ሁሉ ይደውሉ የለም?» አለችው።

ኢብሳ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ንገረኝ እንጂ ልጄ።»

«ቤተሰብ የለኝም አላቸው» አለ ኢብሳ። «ገና የያዙት ቀን። እናት አባቴ ሞተዋል፣ እህትም ወንድምም የለኝም አለ። አላመኑትም። ቁጥር አምጣ እያሉ ሁልጊዜ እሱን ነበር የሚያወጡት። የደወለው ገንዘቡ እስኪመጣ ትንሽ ይተዉታል፤ እሱን ግን አልተዉትም። እኔም ለመንኩት። ‹ንገራቸው፣ ትሞታለህ› አልኩት። ‹እናቴን አታውቃትም› አለኝ። ‹ከደወልኩ ቤቱን ትሸጣለች። ከዚያ እሷና እህቴ የት ይገባሉ?›»

እናቴ አላለቀሰችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በዝግታ ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ፣ እሸጠዋለሁ» አለች። «በዚያኑ ቀን እሸጠው ነበር።»

ወንድሜ መጨረሻ ላይ ደም ያስለው ጀመር። መነሳት ሲያቅተው ቲሸርቷን አውልቆ ለኢብሳ ሰጠው። የኢብሳ ዘመዶች ከብታቸውን ሸጠው ገንዘብ ስለላኩ እሱ እንደሚወጣ ነስሩ ያውቃል። ኢብሳ የቤታችንን ስልክ ቢጠይቀው እምቢ አለ። «ቁጥሩን ካወቅህ ደብድበው ያናዝዙሃል» አለው። «ጅማ ከገባህ ይህን ልበስና በበቾ ቦሬ ዝም ብለህ እለፍ። አንተ ባታውቃቸውም እነሱ ያውቁታል።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ኢብሳ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ እናቴ የምትጠይቀውን አስቀድሞ አውቆ መለሰላት። «የእናንተ ሃይማኖት ልጆች ነበሩ፣ ሃዳ። ማጠቢያ ውሃ ስላልነበረ በአሸዋ አበሱት። ቆመው ሰገዱበት። እኔም መቃብሩን አብሬ ቆፍሬያለሁ። አልተጣለም።»

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች እናቴ። ድምፅዋ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ኢብሳ ብድግ ብሎ ቲሸርቷን አወለቀና በሁለት እጁ ዘረጋላት። ጀርባውን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥቶ ነበር። ጀርባው ጤነኛ ቦታ የለውም፤ የተቃጠለ፣ የተተለተለ፣ አንዱ ጠባሳ በሌላው ላይ የወጣ። እናቴ አየችው። እሱ ገንዘብ የተላከለት ነው። ያልተላከለት እንዴት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት፤ እኔም በዚያው ቅጽበት ነው የገባኝ። ከደረቷ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ እሱን ሰምቶ ነው የመጣው።

የነስሩን ጃኬት አውጥቼ ኢብሳን አለበስኩት። ምግብ አልቀምስም አለ። ለቀስተኛው ሲበዛ በጀርባ በኩል ሲወጣ ደረስኩበት።

«እህቴ፣ ባልመጣ ይሻል ነበር?» አለኝ።

ትከሻውን ነካሁትና ሄደ።

ሬሳ በሌለበት ተሰገደበት፣ ተዕዚያ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው «ቁርጡን ማወቅ ይሻላል፣ አሁን ታርፋላችሁ» ይለን ነበር። እስካሁንም ይሉናል። ለሌላው እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ስንጠብቅ ነው ስንኖር የነበረው። እናቴ ስትጠብቅ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች። ካወቀች ወዲህ እነዚህን ሁሉ ትታለች። ስልኳ ባትሪው አልቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ኢብሳን ልጠላው ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም። ያንን ሁሉ መንገድ አደራውን ለማድረስ የመጣ ሰው እንዴት ይጠላል? ግን ላመሰግነውም አልቻልኩም፤ ሲሄድ እንኳ አመሰግንሃለሁ አላልኩትም። በኋላ ከሰቃ የመጣ ሰው ስለ እሱ ብጠይቀው፣ እንደገና ለስደት መውጣቱን ነገረኝ። በየት በኩል እንደሄደ ዘመዶቹም አያውቁም አለ።

አንዳንዴ ቡና እየለቀምኩ በልቤ ከነስሩ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቤት ይሠራል፣ ቤት ይከራያል፣ ሰው በረንዳ ላይም ያድራል፤ ማን ጠየቀህ እለዋለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ እያዩ ዝም ይሉኛል።

ይህ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ቆርቆሮው በእናቴ መኝታ በኩል በዝገት ተበልቷል። ሠራተኛ ላምጣ ብላት «ተዪው» አለችኝ። «ዝናብ ይግባበት። ፈርሶ ቢያልቅ እንኳ እንዳትነኪው።»

አልነካሁትም። ሲዘንብ አልጋዋን እገፋላታለሁ፤ ሲያባራ እመልሰዋለሁ።