የእንደራሴው ዋስ

ከአንበሳሜ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ በሶ ቋጥራ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። «የልጅ ልጄ ብርቱካን አሜሪካ ነርስነቱን እስክትጨርስ ሕፃኗን ልያዝላት፤ ከዚያ እመጣለሁ፣ እስከዚያው መሬቴን አሳርሺልኝ» አልኳት።

የአሜሪካ ብርድ የጉና ብርድ እንዳይመስላችሁ። የጉናው ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ ይኼኛው ፀሐይ ወጥታም እዚያው ነው። ድንቹ ታጥቦ በላስቲክ ይሸጣል፤ አፈር የለው፣ ጣዕም የለው። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው።

ብርቱካን የምትማረው ከመንግሥት ተበድራ ነው። ስትጀምር እስከ መጨረሻው እናበድርሻለን አሏት። መሃል ላይ ስትደርስ ደንቡ ተለወጠና ለነርሶች የሚሰጠው ብድር ተቀነሰ። «ባሕር ዳር!» ብሎ የጫነ ረዳት መንገድ ላይ ሐሙሲት ስትደርሱ «ውረዱ» ቢላችሁ ዝም ትላላችሁ?

ደንቡን የሚሽር ሕግ ለምክር ቤቱ ሊቀርብ ነው ተባለ። ምክር ቤት የሚወክለን እንደራሴያችንም ምርጫ ደርሶበት ኖሮ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድረስ መጣ። የሚያስተረጉምለት አከራያችን ጌታነህ ነበር።

«ደንቡ እንዲሻር ድምፄን እሰጣለሁ» አለ እንደራሴው።

ተነሣሁ። «ዋስ ይጥራ በልልኝ» አልኩት ጌታነህን።

እየሣቀ ተረጎመለት። ሰውየውም ሣቀና የጌታነህን ትከሻ ያዘ። «በቃ እማማ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ጌታነህ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ረክቼ ተቀመጥኩ፤ እኛ ዘንድ በሰው ፊት ዋስ ከተጠራ ነገሩ አለቀ።

ድምፅ የተሰጠ ዕለት እንደራሴው ደንቡ ባለበት ይጽና ካሉት ጋር ሆነ። ሕጉ ወደቀ። ብርቱካን ስልኳን ደፍታ አስቀመጠች።

ነጠላዬን አጣፍቼ ጌታነህን በሩ ላይ ያዝኩት።

«ዋስ ነህ፤ ሰውየህን አምጣ።»

«ቀልድ እኮ ነው! እርስዎ ደግሞ!»

«በሰው ፊት ነው ትከሻህን የሰጠኸው።»

«ታዲያ ከምክር ቤት ጎትቼ ላምጣልዎ?»

«ካላመጣኸው በእርሱ ቦታ ትቆማለህ።»

«እኔ ታክሲ ነጂ! ምን ብዬ ልቁም?»

«እንግዲያው እኔም ቤቱን የተከራየሁት በቀልድ ነው።»

«እሱማ ፊርማ አለበት፣ እማማ!»

ፈረንጁስ አያውቅም እንበል። ጌታነህ ግን የእስቴ ልጅ፣ ያገሬ ሰው ነው፤ ዋስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ብርቱካን ትምህርቱን አቋርጣ መጋዘን ገብታለች፤ ዕቃ ታሽጋለች። ሕፃኗን አዝዬ ትናንት ጥሩዬ ዘንድ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ልጅቱ ጨረሰች?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ደንቡም ስለ ምክር ቤቱም አልጠየቀችኝም።

«ዋሱስ?» አለች።

«ቀልድ ነበር አለኝ።»

ዝናቡ የቤቷን ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

«መሬቱን ዘንድሮም ላሳርስልሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ለከርሞ እመጣለሁ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋስ ጥሪ ብትለኝ ማንን እጠራለሁ? ዋጥኩት።