ሙጂባ ያልማለችለት አስኳል

ሙጂባ ለዶሮዎቿ ቆስጣ ስትቆርጥ ያያት ሰው ለሠርግ የምታሰናዳ ይመስለዋል። የጠወለገውን ቅጠል ትለያለች፤ አፈሩን ታጥባለች፤ እቅፉን በሲባጎ አስራ ዶሮዎቹ አንገታቸውን መዝዘው በሚደርሱበት ልክ ከአጥሩ ላይ ታንጠለጥለዋለች። መሬት ላይ የተበተነ ቅጠል ዶሮ ይረግጠዋል፤ የረገጠውን ደግሞ ይንቀዋል። ጎረቤቶቿ «ጎመን በጤና የተባለው ለኛ ቀርቶ ለዶሮ ሆነ» እያሉ ይተርቧታል። እሷም «እናንተም እንቁላል ጣሉና ላንጠልጥልላችሁ» ትላለች።

እንዲህ ያለችው ሴት በቀላሉ አትቆጣም ብሎ መጻፍ ያምር ነበር፤ ነገር ግን እውነት አይሆንም። ሙጂባ ባጃጅ አጥሯን ሲታከክ ትቆጣለች። ዝናብ ሲዘገይ ትቆጣለች። ከሐይቁ ዳር የሚመጡት ወፎች ችግኟን ሲነቅሉ ዘር ማንዘራቸውን እየጠራች ትቆጣለች። ሰፈሩ ይህን ሁሉ እንደ ወቅት መፈራረቅ ለምዶታል። በወልዴ ላይ የተነሣው ቁጣ ግን ከዚህ ወገን አልነበረም።

ወልዴ በሐይቅ ከተማ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አጠገብ ቁርስ ቤት አለው። እንቁላል በአገራችን ሁለት ዜግነት እንዳለው ደግሞ የታወቀ ነው። የሐበሻው ትንሽ ሆኖ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ነው፤ የፈረንጁ ትልቅ ሆኖ አስኳሉ የገረጣ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ይህን ሕግ ከፊደል አስቀድሞ ያጠናዋል። የሙጂባ እንቁላል ሕጉን አፈረሰ፤ መጠኑ የፈረንጅ፣ አስኳሉ የሐበሻ። ዶሮዎቿ የፈረንጅ ዝርያ መሆናቸውን ደብቃ አታውቅም። ወልዴም ከእሷ እየወሰደ፣ በአስኳሉ ድምቀት የሚመጣውን ምስጋና ለራሱ እየተቀበለ ኖሯል።

አንድ ጠዋት ወደ ወልዲያ የሚሄድ መንገደኛ የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ከፍሎ አስኳሉን አገላብጦ አየና «ይኼ ቀለም የተፈጥሮ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ወልዴ ቤቱን ለማዳን ቸኮለ። «እኔ የለሁበትም። ሙጂባ እርድ ነገር ሳታበላቸው አትቀርም።»

ሙጂባ የእንቁላል ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን አልህ?»

«ስቀልድ ነው፣ እት ሙጂባ።»

«ስትቀልድ ማን ሳቀ?»

የሳቀ አልነበረም። ትሪውን እንደያዘች ተመለሰች። ቀትር ላይ እርዱ በሰው አፍ ዱቄት ቀለም ሆነ፤ ሲመሽ የግድግዳ ቀለም ሆነ። በማግስቱ እንቁላሏን የሚገዛ ጠፋ። ያ ጓሮ ከጂዳ ተጠርዛ ከመጣች በኋላ ስሟን መልሳ ያቆመችበት ስለነበር፣ የጎደለባት ገበያ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንደ አገሩ ልማድ በሽማግሌ ተያዘ። ከመስጊዱ ወገን ሼህ ሳሊሕ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወገን አያ አስረስ ተቀመጡ። የተጠረጠረ ሰው ከማለ ነገሩ ያበቃል፤ አልምልም ካለ ግን ራሱ ላይ እንደ መሰከረ ይቆጠራል።

ሼህ ሳሊሕ «ልጄ፣ አንዲት ወላሂ በይና እንዝጋው» አሉ።

«አልምልም።»

«እውነት ይዘሽ ምን ያስፈራሻል?»

«አልፈራሁም፣ ሼህ ሳሊሕ። ጂዳ የሰው ቤት ስሠራ የእመቤቲቱ አምባር ጠፋ ተብሎ ተያዝሁ። ወላሂ አልሁ፤ ቢላሂ አልሁ፤ ማን ሰማኝ? አምባሩ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ መገኘቱን አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ደውላ የነገረችኝ አገሬ ከገባሁ ወዲያ ነው። የአላህን ስም ለማያምነኝ ሰው አንዴ ጠርቻለሁ። ለወልዴ ቁርስ ቤት አልደግመውም።»

ወልዴ መሬት መሬት አየ። አያ አስረስ «እንግዲያ በምን እንመንሽ?» አሉ።

«በዶሮዬ። ሁለቱን ይውሰዳቸው። ቅጠል የሚባል እንዳያሳያቸው፤ ፉርሽካ ብቻ ይስጣቸው። እኔ ዘንድ የሚቀሩትን ቆስጣ በእጃችሁ አብሏቸው። የሁሉንም እንቁላል እናንተው ስበሩት።»

ወልዴ ዶሮዎቹን ወሰደ። አኩርፈው ሰነበቱና መጣል ጀመሩ። ሽማግሌዎቹም እንቁላል ሊሰብሩ ይመላለሱ ጀመር፤ በሕይወታቸው ካዩት ሙግት ሁሉ ምስክሩ በሳህን የቀረበላቸው ይኸኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው አስኳል ደማቅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ፈዘዝ አለ። በመጨረሻ ሼህ ሳሊሕ አንዱን ሰብረው ሲመለከቱት የታመመ ሰው ፊት መስሏል፤ በእጃቸው ቆስጣ ያበሏቸው የሙጂባ ጓሮ ዶሮዎች የጣሉት ግን እንደ ደመቀ ነበር። ሼህ ሳሊሕ አያ አስረስን አዩ፤ አያ አስረስ ወልዴን አዩ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ወልዴ ዶሮዎቹን በብብቱ ይዞ ሙጂባ ጓሮ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አፉ በይኝ» አላት።

«ለማን ነው የምታንሾካሹከው? ለቆስጣው?»

«ተሳስቻለሁ፣ እት ሙጂባ።»

«ስሜን ስታጠፋ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሰምቶሃል። ይቅርታህን ዶሮ ብቻ ይስማው?» ዶሮዎቹን ተቀብላ ደረታቸውን ዳሰሰች። አጥንታቸው እጇ ላይ ቆረቆራት። «ፉርሽካ አብላቸው አልሁ እንጂ አስርባቸው አልሁህ? ጠዋት ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እዚያው፣ በዚያው ድምፅህ ትናገረዋለህ።»

ጠዋት ቁርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ወልዴ መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደና «የሙጂባ እንቁላል ቀለሙ የቆስጣ ነው። በሐሰት ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። ነገሩን ከሥሩ የማያውቀው ተሳፋሪ ግራ ገባው፤ አንዱም መኪናው ሊያመልጠው ነውና ዳቦው እንዲፈጥንለት ለመነ። የሐይቅ ሰው ግን ሰማ።

ሙጂባ ከበሩ ሳትርቅ «አፉ ብዬሃለሁ» አለችው።

የወልዴ ፊት ወዲያው ፈካ። «እንግዲያ ከነገ ጀምሮ እንደ ድሯችን ታመጪልኛለሽ።»

«አላመጣም።»

ሼህ ሳሊሕ ቅር አላቸው። «ልጄ፣ አፉ ካሉ ወዲያ ቂም ደግ አይደለም።»

«ቂም አልያዝሁም፣ ሼህ ሳሊሕ። አፉታዬን ለአላህ ብዬ ሰጥቻለሁ፤ ሙሉ ነው። እንቁላሉ ግን የዶሮዎቼ ነው፤ እነሱ ደግሞ ያስራባቸውን ሰው አፉ አላሉም።»

አያ አስረስ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሙጂባ ግን አልሳቀችም። ትሪዋን አስተካክላ ያዘችና አስፋልቱን ተሻግራ ከፊት ለፊቱ ቁርስ ቤት ገባች።