የአዳራሹ ድምፅ

እህቴ ኮሌጅ እያለች የመሰናክል ሯጭ ነበረች። የጉልበቷ ጅማት ሲበጠስ አሰልጣኟ "በይ እንግዲህ፣ ሰዓት ያዢልኝ" አላት። አላለቀሰችም፤ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ስታዝንና ስትደሰት ለይቼ አላውቅም። ውሎ አድሮ ታዳጊዎችን ታሠለጥን ጀመር፤ አሁን ደግሞ ጂም አዳራሽ ውስጥ ኤሮቢክስ ታሠራለች። ማይኩን አፏ ሥር አድርጋ "ጎበዝ፣ አይዟችሁ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ስትል ያ ሁሉ ቦርጫም ያምናታል። ትንሽ እንዳልቀረ እሷ ታውቃለች። ሥራ ነው፣ ምን ታድርግ።

ባለፈው እናታችን ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ታክማ ከሆስፒታል ወጣች። እህቴ ክንዷን ደግፋ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ታራምዳት ጀመር። እኔ ምናልባት ከደከማት ብዬ ወንበር ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

"ጎበዝ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አለች እህቴ። ቃናው ሳይቀር የጂሙ ነው።

እማዬ ኮሪደሩ መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። "እሱን ለደንበኞችሽ። እኔን እንደ ልጄ አናግሪኝ።"

እህቴ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ከዚያ፣ እኔ እንኳ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣

"እማዬ፣ ገና ብዙ ይቀራል" አለቻት።

"እንደሱ በይኝ" አለች እማዬ፣ እግሯን እያነሳች።