የተቃጠለ ማርሚታ ለታቦት አይሰጥም

ከሥራ ስመለስ እናቴን ግቢው መሐል፣ የወንድሜ ሞተር ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። በአንድ እጇ ግማሽ ሎሚ፣ በሌላው አመድ የነካ ጨርቅ ይዛ ማርሚታውን ትፈትጋለች። እናቴ ያን ሞተር ነክታው አታውቅም ነበር። ከአደጋው ወዲህማ በአጠገቡ ስታልፍ ነጠላዋን ሰብስባ፣ እንደ ክፉ ውሻ እየሸሸችው ነበር።

«ምነው ይህ ሰማያዊ አልለቅ አለ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

ማርሚታው፣ ጭሱ የሚወጣበት ያ ረጅም ቱቦ፣ ፊት የሚያሳይ ክሮም ነበር። አሁን አንገቱ ላይ መጀመሪያ ጠላ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ መስሎ ተቃጥሏል። ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል የሚያመጣው ቀለም ነው፤ ሞተሩን ከመሄድ አያግደውም። ሌላ ቤት ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። በእኛ ቤት ግን ከኅዳር ሚካኤል በፊት መልቀቅ ነበረበት።

ታናሽ ወንድሜ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። በዚህ ሞተር ወረዳ ለወረዳ እየዞረ ነበር የሚሠራው። ከፋሲካ በኋላ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ላይ ጠጠር አዳለጠውና ከመንገዱ ወጣ። ሞተሩን ቁጥቋጦ ያዘው፤ እሱን የያዘው አልነበረም። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ አልነቃ ሲል እናቴ ኮሪደሩ ላይ በጉልበቷ ወድቃ ተሳለች፤ እኔ አጠገቧ ነበርሁ፤ ቃል በቃል ሰምቻለሁ። «ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ብትመልስልኝ፣ ሊፈጀው የነበረውን ያን ሞተር ልጄ ራሱ ነድቶ ደጅህ ድረስ ያመጣልሃል።»

ልጇ ተመለሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ስለቱ የሚገባበት ኅዳር ሚካኤልም ቀረበ።

የተሳለችለት ሚካኤል ጎንደር ቀሐ ካለው ሰፈራችን በላይ ኮረብታው ላይ ነው፤ በእግር ብዙም አይርቅም። እናቴ የጃናሞራ ገበሬ ልጅ ናት። እሷ ባደገችበት አገር ለስለት የሚነዳ በግ ጆሮው ከተቀደደ፣ ዓይኑ ካልጠራ ተመልሶ ይታሰራል። ነውር ያለበት ነገር ለታቦት አይሰጥም። ይህን ደግሞ ለወንድሜ ገና በልጅነቱ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ እሱም ትምህርቱን አልረሳም። ጋራዡ ሞተሩን ጠግኖ ከመለሰለት በኋላ ማርሚታው መቃጠል ጀመረ። ስለቱን ስታነሣበት፣ «መልካም፤ ግን ተቃጥሏል። ነውር ያለበት አይሰጥም ያልሽው አንቺው አይደለሽም?» አላት።

እናቴ ሄዳ ሎሚና አመድ ይዛ መጣች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አመዱ ውስጥ ያለው አሸዋ ክሮሙን ሲቧጭረው ማየት አላስቻለኝም። ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ከሱቆች ለቅሜ አመጣሁላትና አቼቶ እየነከርን በቀስታ ስናሸው ሰማያዊው ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ወጣ። በእርጥብ ጨርቅ ስታብሰው ክሮሙ ብልጭ አለ። «ሸጋ!» አለች፣ «ዓይኔን አየሁበት።» በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሞተሩን ይዞ ወጣ፤ ሲመለስ አንገቱ እንደገና ሰማያዊ ነበር።

በዚሁ ቀጠሉ። እሷ ታጠራለች፣ እሱ ያቃጥላል። ራት ላይ ሁለቱም ለእኔ ብቻ ነው የሚናገሩት። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጨው ታቀብለኝ።» «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ጨው ከፊቱ ነው።» እኔ በተፈጥሮዬ ትዕግሥት የለኝም፤ አንድ ቀን ጨውን አንስቼ ጓዳ ወሰድሁትና ሁላችንም አልጫ በላን።

እናቴን የሚያስጨንቃት ግን ስለቱ ብቻ አልነበረም። ማርሚታ እንዲህ የሚቃጠለው ዳገት ሲበዛበት ነው ብሎ የነገራት ጎረቤት አለ። ስለዚህ በየምሽቱ ሰማያዊውን እያየች ልጇ የሄደበትን ገደል ትለካለች። ዛሬ ጠቆር ካለ ዳባትን አልፏል፤ ደብዘዝ ካለ ቅርብ ነው። «የሰጠኝ እኮ መንሳትም ያውቃል» ትለኛለች ቀስ ብላ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እጇ ደረቷ ላይ ይወጣል። እኔም ከእሷ ተጋባብኝ፤ ሥራ ቦታ ብርጭቆ እየሰበርሁ መጣሁ። ወንድሜን አንቄ ልገድለው ደርሼ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ግር ይለኝ ነበር። ሲወጣ ሞተሩን አያስነሣም። በእጁ እየገፋ ከበሩ ያወጣዋል። ሲጠየቅ፣ «የጎረቤት አራስ ልጅ እንዳይነቃ» ይላል። ያ ሕፃን ዳዴ ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

የንግሡ ሳምንት ቀሐ ወንዝ አጠገብ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ከአንድ የፈረሰ አጥር ጀርባ የማውቀውን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ይጮኻል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይጮኻል፤ ግን አይርቅም። በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። ወንድሜ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይዘዋል። በቀኝ እጁ ነዳጅ መስጫውን ይጠመዝዛል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ግራ እግሩን ወደ ማርሹ ይልካል፤ ጫፉ ሲነካው ይመልሰዋል። እንደገና ይልካል፣ ይመልሳል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እየሄደ ነፋስ የማያቀዘቅዘው ማርሚታ ከእግሩ አጠገብ ግሎ፣ ሰማያዊው ዓይኔ እያየ ወደ ታች ወረደ።

የትም ሄዶ አያውቅም ነበር። ዳባትም፣ ዳገትም አልነበረም።

ሲያየኝ ሞተሩን አጠፋው። ጆሮዬ ጭው አለ።

«እትዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እግሬ አልዳነም» አለኝ ያልጠየቅሁትን።

«እግርህን ሐኪሙ አይቶልሃል።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ «ሞተሩን ውሰዱት። እኔ አልሳሳለትም። ሰው ፈልጉና ያድርስላት» አለ።

«‹ልጄ ራሱ ነድቶ› ብላለች፤ ስለቱ እንደዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰማያዊውን የሚያመጣው ለሞተሩ ሳስቶ አይደለም። ማርሚታው ጠርቶ ካደረ እዚያ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ዳገቱን መውጣት ሊኖርበት ነው። አንዲት ቃል ብትወጣው ይገላገል ነበር። ግን የእኛ አገር ወንድ ከነብር ጋር ታገልሁ ብሎ ይዋሻል እንጂ ፈራሁ ብሎ እውነት አይናገርም። እየገፋ ሄደ፤ ሰፈራችን መግቢያ ላይ አስነሥቶ፣ ኮርቻው ላይ ሆኖ መሬቱን በእግሩ እየገፋ፣ እንደ ነዳ ሰው ድምፁን እያሰማ ግቢ ገባ። ለእናቴ ምንም አልነገርኋትም።

የንግሡ ዋዜማ ግን ወንድሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣና ሞተሩን አቆመ። እናቴ አቼቶውን አዘጋጅታ ስትጠብቀው ነበር የዋለችው። ነገ በዓሉ ነው፤ ጊዜ የላትም። ገና ሳይወርድ ብርማውን ወረቀት ጨብጣ ሄደችና የማርሚታውን አንገት ያዘች።

«ሚካኤል!» አለች፤ ሌላ አልጮኸችም። መዳፏን ስታላቅቀው ቆዳዋ ብረቱ ላይ ቀረ።

እጇን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ቀና ስል ወንድሜ ደርቆ ቆሟል። ቁጣዬ ገነፈለ። «ዳገት እየወጣ መስሎሻል?» አልኋት፣ «የትም አይሄድም! ወንዝ ዳር አቁሞ ነው የሚያቃጥለው! መንዳት አይችልም፤ ፈርቷል፣ ይኸው ነው!»

ወንድን ልጅ በእናቱ ፊት ፈሪ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ወደ እሱ ዞረች። ታለቅሳለች ስል፣

«በሬ የሚነዳ ሰው በሬው ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አለች።

አልገባንም።

«እኔ ነድቶ ነው ያልሁ። ተቀምጦበት አላልሁም። አባቴ ዕድሜ ልኩን በሬ ነዳ፤ ከኋላ ከኋላ እየሄደ፣ በእግሩ። ከብት እንዲህ ነው የሚነዳ።»

«ሚካኤል ግን እንደዚያ ይረዳዋል?» አልሁ፤ አፌ አያርፍም።

«ምነው አይረዳው? ገበሬ ሲሳልለት የኖረ አይደል?»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ወንድሜ ማርሚታው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቱን ከመሬት አነሣና ራሱ መፈተግ ጀመረ። አንገቱ ሲጠራ ቁልፉን ነቅሎ ለእኔ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ሞተሩን እየነዳን ወጣን። እሱ መሪውን ይዞ ከጎን፣ እኔና እናቴ ከኋላ። ዳገቱ ከባድ ነው፤ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ግራና ቀኝ ያልፈናል። «ቤንዚን አለቀ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ተቀምጠህ አታስነሣውም? እናትህን ታስገፋለህ?» ይላል ሌላው። በእያንዳንዱ ቃል የወንድሜ ትከሻ ሲኮማተር ከኋላ አያለሁ። ጥሎት ይሄዳል ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። እናቴ በጤናማ እጇ ኮርቻውን እየገፋች ዓይኗን ከጀርባው አልነቀለችም።

ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ሲገባ ስለቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለጨረታ ወጣ፤ ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ በጉ። በመጨረሻ ሞተሩ። አንድ እህል ነጋዴ አሸነፈና እየሳቀ መጣ፤ ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ አስነሣው። ድምፁ ሲፈነዳ ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ነጋዴው ቁልቁለቱን አየና መሪውን ወደ ወንድሜ አዞረለት።

«አንተ ጠባዩን ታውቀዋለህ። ይህን ቁልቁለት እስከ አስፋልቱ አውርድልኝ፤ ከዚያ እኔ እወስደዋለሁ።»

ሰው ከቦን ያያል። ወንድሜ እጁን ዘረጋ፤ መሪው ጋ ሲደርስ ቆመ። እጁን ደብቆ ኪሱ ይከተዋል፣ አለዚያም እግሬን ያመኛል ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«አልችልም» አለ።

«ምነው?»

«እፈራለሁ» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ሞተሩ ከሚያሰማው ድምፅ በላይ። «ወድቄበታለሁ። እፈራለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ እናቴ እልል አለች። ግቢው ሙሉ ሴት፣ ለስለቱ መስሏቸው፣ ተቀብለው እልል አሉላት።