ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ኮርስ

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ዓመት ሙሉ የምትመራበት አንድ ሕግ ነበራት፤ ጨርቅ ሲቆረጥ ሰፋ ይበል። "ቢሰፋ አጠበዋለሁ፤ ቢጠብ ግን ጨርቁን ከየት ላምጣ?" ትላለች። በዚህ ሕግ ስንቱን ሱሪ፣ ስንቱን ኮት አድናለች መሰላችሁ። ይህንኑ ይዛ ኦንላይን ኮርስ ልምረጥ ያለች ዕለት ነው ጉድ የፈላው።

የከተማው ዩኒቨርሲቲ ለሠራተኞች የማታ የሳይንስ ትምህርት እከፍታለሁ አለ። የመግቢያ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። እሷ ደግሞ ስፌት ከጀመረች አንስቶ አላስቀምጥ ያላት ጥያቄ አላት፤ አንዱ ጨርቅ ቀለሙን ምጥጥ አድርጎ ሲጠጣ ሌላው ለምን እንቢ ይላል? ጨርቅ ሻጩን ብትጠይቅ "እኔ ምን አውቄ" አላት። ስለዚህ ኬሚስትሪ ተምራ ራሷ ልትደርስበት ቆርጣ ለፈተናው ተመዘገበች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያኔ የተማረውን ማን ያስታውሳል!

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። በተመዘገበች ማግስት ከዳቦ ቤቱ እስከ ጎማ ጠጋኙ ድረስ "ሚስቴ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው" ብሎ አዳረሰው። ቤት ሲገባም "ፕሮፌሰር፣ እራት አለ ወይስ ዛሬ ቀመር ነው የምንበላው?" ይላታል። "አርፈህ ተቀመጥ!" ትለዋለች፤ ደስ ሳይላት ግን አልቀረም።

ስልኳን ከስፌት ማሽኑ ጎን አቁማ ለፈተናው የሚያዘጋጃትን የኦንላይን ኮርስ ስትመርጥ ሰነበተች። ሦስት ደረጃ አለው፤ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛ፣ ገፋ ላለ ተማሪ። የጀማሪው ላይ ኮፍያ ያደረገች ጥንቸል ትስቃለች። "ምነው፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብላ አለፈቻት። የገፋው ግን ሰፊ ነው፤ የሌለበት ነገር የለም። ሰፋ ይበል፣ በኋላ አጠበዋለሁ አለች። ችግሩ፣ ኮርሱ ከማስገባቱ በፊት ደረጃ መለያ ብሎ ሃያ ጥያቄ ይጠይቃል። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቃት። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የባሏን ስልክ አነሳችና መልሱን ከዚያ እየፈለገች በራሷ ስልክ ላይ ሞላችው። ሃያውንም አገኘች! ኮርሱም "እንኳን ደስ አለዎት" ብሎ ከከባዶቹ ጋር ቀላቀላት።

ከዚያማ አቤት መከራ! በቪዲዮው ውስጥ ያለው አስተማሪ "እንደምታውቁት" ብሎ ይጀምራል። እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ታቆመዋለች፣ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ እንደገና ትሰማዋለች፤ ሰውየው አሁንም "እንደምታውቁት" ይላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆና አንድ ቀን ሐሳቧ እዚያ ሄዶ አንድ ጃኬት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍታ ቁጭ አለች።

ያንን እጅጌ እየፈታች ሳለ ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር መጡ። በየዓመቱ ሱሪ ለማስፋት ይመጣሉ፤ ሱሪው ጠበበ ይላሉ እንጂ ሆዴ አደገ አይሉም። ሜትሩን ስታዞርባቸው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

"ኧረ ጋሼ፣ ይልቀቁት! እኔን ቢያታልሉ ሱሪውን አያታልሉትም።"

ሳቁና ለቀቁት። ከዚያ ዓይናቸው ስልኳ ላይ አረፈ። "ይሄንን ነው የምታጠኚው? ይሄ እኮ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የቆየውንም ያስለቅሳል። ደረጃ መለያውን እንዴት አለፍሽው?"

መዋሸት አልሆነላትም። አንገቷን ደፍታ ስለ ባሏ ስልክ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"እና አንቺም ሆድሽን ስበሽ ነዋ የተለካሽው!" ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። "ጋሼ፣ ፈተናው አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።"

"ሰፈሩ አይፈተንልሽም፣ ልጄ። አሁን ብቻሽን እንደገና ሞክሪው። የማታውቂውን አላውቅም በይ" አሏትና ሱሪያቸውን ትተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሱቋን ገርበብ አድርጋ ሞከረችው። ከሃያው ጥያቄ ስድስት መለሰች። ኮርሱ ያለምንም ይሉኝታ "ከስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይጀምሩ" አላት፤ ጥንቸሏም ብቅ አለች። ሆዷ ባብቶ አለቀሰች፤ እንዲያው ዝም ብላ ሳይሆን ድምፅ አውጥታ። ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ በአምስት ሳምንት እንደማይደረስ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም። ገብታ በዕድል መሞከር ትችል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን አንዴ የወደቀን ሰው ሦስት ዓመት አያስፈትንም። ስልክ ደወለችና ምዝገባዋን ወደሚቀጥለው ዓመት አዛወረች።

አመሻሽ ላይ ባሏ "ፕሮፌሰር!" እያለ ገባ።

"ፕሮፌሰር አትበለኝ። ስምንተኛ ክፍል ነኝ" አለችው። "ዘንድሮ አልፈተንም። ለዳቦ ቤቱም ለጎማ ጠጋኙም አንተው ንገርልኝ።"

ቀልዱን ጠበቀች። ይመጣል፣ ይመጣል ብላ ትከሻዋን አጠንክራ ጠበቀች። አልመጣም። ሹፌሩ የአውቶቡሱን ቁልፍ እንደያዘ ቆሞ ስልኳን ያያል፤ የስምንተኛው መነሻ ክለሳ ላይ ክፍልፋይ ነው ያለው፣ ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ሁለተኛ።

"ይሄ ከታች የተጻፈው ቁጥር ምንድን ነው?" አላት።

"አንዱ ነገር ስንት ቦታ እንደተከፈለ ነዋ። ረሳኸው እንዴ?"

"አልረሳሁትም። አልደረስኩበትም። እኔ እኮ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።"

አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር አሥረኛ ጨርሷል ብላ ነው የምታውቀው።

"አባትሽ ሲጠይቁኝ ደንግጬ አሥረኛ አልኩ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

የአሥራ ስድስት ዓመት ፉገራውን በአንድ ምሽት ልትከፍለው ትችል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ዋጠችው። ጨርቁን ከወንበሩ ላይ አንስታ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችውና ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ወደ ሦስተኛ መለሰችው።