የዳማ ሁለተኛ ዓይን

ዝናብ የመታው ውሻ ሽታ ደስ አይልም። ባለፈው ሐምሌ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠልዬ ሳለ፣ አንዲት ውሻ አጠገቤ መጥታ ሰውነቷን ስታራግፍ ያ ሽታ መጣብኝና ዝናቡ እስኪያባራ ሳልጠብቅ ወጥቼ ሄድኩ። ወንድሜን አስታወሰኝ። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አሁንም ከየት እንደምጀምር በደንብ አላውቅም። ከውሻችን ልጀምር።

ውሻችን ዳማ ትባል ነበር። መልኳ ቀይ ዳማ ሆኖ ጉንጯና ደረቷ ነጭ ነበር። አባታችን ቡችላ ሳለች ከገበያ በጉያው ይዟት መጥቶ፣ በዓመቱ ዘምቶ ሳይመለስ ስለቀረ፣ እናታችን «የሰውዬው አደራ ናት» እያለች ከራሷ እንጀራ ትቆርስላት ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ልደታ ማርያም አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ወንድሜ ተፈራ፣ እኔና ዳማ ነበርን። እሱ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ስሙን ጠርቼው አላውቅም፣ ወንድምጋሼ ነበር የምለው። ክረምት ሲሆን ዳማ ከነጭቃዋ ገብታ በሁለታችን መካከል ተጠቅልላ ትተኛለች፤ እኛም ሽታዋን እያማረርን ሙቀቷን ፈልገን ወደ እሷ እንጠጋ ነበር።

በዚያ ክረምት ፊደል የምቆጥረው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከየኔታ ዘንድ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ የኔታ ወደ ውስጥ አስገብተውን፣ በግድግዳው ላይ ባሉት ሥዕሎች ፊት እያዞሩ ዓይን ያስቆጥሩን ነበር። ፊታቸው ወደ እኛ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው የሚታየው ጻድቃን ናቸው፤ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታየው ይሁዳና አጋንንት፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም ናቸው። በመቋሚያቸው አንዱን ሥዕል ሲነኩ እኛ በአንድ ድምፅ «የዳነ!» ወይም «የተኮነነ!» ብለን እንጮሃለን። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። እነዚያን ባለ አንድ ዓይኖች ግን እፈራቸው ስለነበር፣ ስወጣ ጀርባዬን ሳልሰጣቸው ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ነበር የምወጣው።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ወንድምጋሼ ወደ ጌጃ ሰፈር መመላለስ አበዛ። እዚያ አንድ ጣሊያን የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍበትና የሚስልበት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ሁሉም ሲኞር ነበር የሚለው። ወንድሜ በከሰል በራችን ላይ ሳይቀር የሚስል ሰው ስለነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ሲኞሩ ወንድሜ በእንጨት ቁራጭ ላይ የሳለውን በቅሎ አይቶ፣ ያለቀ የሚመስል የውሃ ቀለም ያለባት የቆርቆሮ ሳጥንና አንድ ወፍራም ወረቀት ሰጠው። በሕይወት ያለ እንስሳ እያየህ ሣልልኝ፣ ከወደድኩት ከገና በኋላ እቀጥርሃለሁ አለው። ነገሩ የእንጀራ ብቻ አልነበረም። ሥራ ያለው ሰው የሥራ ወረቀት ይይዛል፤ ወረቀት የሌለውን ጎረምሳ ግን ከመንገድ እየያዙ መንገድ ሊያሠሩት ወደ ቆላ ይወስዱት ነበር። ከዚያ የተመለሰ ከእኛ ሰፈር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሲንቀጠቀጥ ይውላል። እናቴ ወንድሜ በወጣ ቁጥር ሥራ የያዘች እየመሰለች ደጅ ደጁን ታይ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ዳማን በመሣል አለፉ። ብሩሽ ስላልነበረው ከዳማ ጭራ ጥቂት ፀጉር ቆርጦ በሸምበቆ ጫፍ አሰረ። እኔ አጥንት ይዤ ፊቷ እቀመጣለሁ፤ እሷ አጥንቱን ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል። በከሰል ከፊት ለፊት ሞክሯት አፍንጫዋ ድንች ስለመሰለበት በጎን ሊስላት ወሰነ። በወረቀቱ ላይ ሲጀምር እንዳልነካበት አስጠነቀቀኝ።

«ይህ ቀለም ነጭ የለውም» አለኝ። «ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ጉንጯን ዝም ብዬ ነው የምተወው። አንዴ ከተነካ አይመለስም፣ ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። ይህን ነው ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፤ ሰምቼ ነበር።

ሥዕሉ ሲያልቅ እናቴ በሩቁ ይዛ አየችው። «ይቺኛዋ ትሻላለች፣ ምሳ አትጠይቅም» ብላ ሳቀች፤ አባቴ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ብዙም አላየኋትም ነበር። ወንድምጋሼ ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በሁለት ስስ ሳንቃዎች መካከል አድርጎ በሲባጎ አሰረውና ሰኞ ጠዋት ሊወስደው አስቀመጠው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱና እናቴ ለቅሶ ሄዱ። በዚያው ሳምንት ወታደሮች የጎረቤታችንን ውሻ ጮኸብን ብለው በጥይት ስለገደሉት፣ ዳማን ቤት ዘግቼ እንድጠብቅ ታዝዤ ነበር። ሥዕሉን ደግሜ ላየው ፈለግኩ፣ ፈታሁት። ያን ጊዜ ነው አንድ ዓይን ብቻ እንዳላት ያየሁት። እስከዚያ ድረስ ስንት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም፤ የማየው አጥንቱንና እሷን ስለነበር ይሆናል። የየኔታ መቋሚያ ትዝ አለኝ። ዳማ ከይሁዳ ጋር ልትቆጠር ነው ብዬ ደነገጥኩ። ወንድሜ ረስቶት ነው፣ ሲኞሩም አይቶ እርኩስ ውሻ ሣልክልኝ ይለዋል ብዬ አሰብኩ። ሸምበቆውን ውሃ ነክሬ፣ ከሳጥኗ ጥቁሩን ቀለም ወስጄ፣ በዚያ በነጩ ጉንጯ ላይ ሁለተኛ ዓይን ሣልኩላት። ክብ፣ ትልቅ አደረግኩት። ሲደርቅ እንደነበረው አሰርኩት። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ወንድሜ ሳንቃዎቹን ሳይፈታ ይዞ ሄደ፤ የፈታው ሲኞሩ ነው። ወንድሜ ለእናቴ ሲነግራት እንደሰማሁት፣ ሲኞሩ ሠራተኞቹን ጠርቶ አሳያቸውና አብረው ሳቁ። ሌላ ወረቀት እንዲሰጠው ቢለምነውም አልሰጠውም፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ቀጠረ። ወንድሜ ያን ቀን ሥዕሉን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አልተቆጣም።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አለኝ።

«ዳማ ናት» አልኩ። «ጭራዋ ቀለም ነክቶ።»

ዳማን አያት፤ ጭራዋን እየቆላች ነበር።

«እንግዲህ የራሷን ዓይን ቁጥር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች» አለና ራሴን ዳሰሰኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሳብኝም። እኔም እውነቱን ለመናገር ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቀናት አለፉ።

በየካቲት ከጌጃ ሰፈር ሲመለስ ይዘው ለመንገድ ሥራ ወደ ቆላ ወሰዱት። ግንቦት ላይ፣ ለልደታ በዓል ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ፣ አብሮት የነበረ ሰው ጋቢውን ለእናቴ አመጣላት። ወባ ነው አለ። መቃብሩ ከመንገዱ ዳር ነው አለ እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ ሊነግረን አልቻለም። ዳማ ጋቢውን አሽትታ በላዩ ተኛች፣ እናቴም አላስነሳቻትም።

ዛሬ ጣሊያን ሄዷል፣ ዳማም ከሞተች ቆይታለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ በጎን የተሣለ ውሻ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ሌላው በወዲያኛው በኩል ስለሆነ እንጂ ስለተኮነነ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዕድሜዬም ከወንድሜ አልፏል። ሥዕሉን እናቴ ከአልጋዋ በላይ ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ በአንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን ያላትን ውሻ አይቶ ፈገግ ሲል፣ እሷ «ምን ያድርግ፣ ልጄ ገና እየለመደ ነበር» ትላለች። እኔ አጠገቧ ዝም እላለሁ። ያኔ ዝም ያልኩት ቁጣ ፈርቼ ነበር፤ ወንድሜ ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም። አሁን ምን እንደምፈራ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ጻፍኩ፤ እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ካላነበብኩላት በቀር፣ ልጇ የሣለው አንዱን ዓይን ብቻ እንደነበር ሳታውቅ ትኖራለች።