ያላየሁት ኩሬ

መንገድ የጠፋው ሰው አስቁሟችሁ ሲጠይቃችሁ፣ «አላውቅም» ማለት አሳፍሯችሁ በእጃችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቁማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠቁሜ አውቃለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግን ያመለከትኩት አቅጣጫ ሰው ሊገድል ነበር። ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ግን አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም።

በአዋሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ከደጋ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የማስተምረው ጂኦግራፊ ሲሆን ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች ልጆች ናቸው። በክፍል ውስጥ የተጠየቅኩትን ሳልመልስ ወጥቼ አላውቅም ነበር። «አላውቅም» ያለኝ ተማሪም እስከ ደወል ቆሞ ነበር የሚውለው።

ከከተማው ራቅ ብሎ በስተሰሜን፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ እንፋሎት የሚያወጣ ተራራ አለ። ተማሪዎቼን ወስጄ ላሳያቸው ስላሰብኩ አስቀድሜ ራሴ ልየው አልኩ። ሁለት ኮዳ ውሃ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ዳቦ፣ ፊሽካ፣ ኮምፓስና በገዛ እጄ የሣልኩት ካርታ አዘጋጀሁ። በካርታው ላይ መንገዱን በቀይ፣ ውሃውን በሰማያዊ አቅልሜዋለሁ።

አብረውኝ እንዲሄዱ የለመንኳቸው ጋሽ ሰይድን ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ከጣቢያው ፊት ለፊት ሱቅ የከፈቱ፣ አፋርኛን እንደ አማርኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዝግጅቴን ዝርዝር ሳነብላቸው ሳቁብኝ።

«ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራል መምህር? ተራራው ፈተና ሊፈትንህ ነው እንዴ?»

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጥጥ እርሻው የሚሄድ ካሚዮን ጭኖን መንገዱ ዳር ጣለንና ከዚያ በእግር ቀጠልን። ገና አንድ ሰዓት ከመሆኑ ፀሐይዋ አንገት ትልጥ ጀመር። ሣር የሚባል የለም። እሾሁ ሱሪዬን፣ የጋለው ድንጋይ ጫማዬን ይበላል። ምድሪቱ ራሷ «ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» የምትለን ይመስል ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ከተራራው በኩል የሚመጣ ቤተሰብ አገኘን። ፊት ፊት የሚሄደው ጎልማሳ አፋር ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ጊሌ የሚሉትን ቆልማማ ጩቤ በወገቡ ታጥቋል። ከኋላው ሚስቱ ፍየሎች እየነዳች ሁለት ግመሎችም ትስባለች። በአንደኛዋ ግመል ላይ አሮጊት እናቱ እንደ ዕቃ ታስረው ተቀምጠዋል። ሰውየው ሁመድ ይባላል። ጋሽ ሰይድን በዓይን ያውቃቸዋል።

ሁመድ ሰላም ብሎ አላለፈም። ግራር ሥር ቁጭ አለ። ጋሽ ሰይድም ተቀመጡ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «ዳጉ ነው።»

ለማያውቅ ላስረዳ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ይህን ዳጉ ይሉታል። አንዱ ከመጣበት አገር ያየውን ዝናብ፣ ውሃ፣ ግጦሽ፣ አውሬ፣ ጠብ አንድ በአንድ ይናገራል። ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። በዓይን የታየው ከተሰማው አይደባለቅም። የሰማ ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ያንኑ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። ጋዜጣም ሬዲዮም በሌለበት በረሃ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ወሬ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ አሳምሬ አስረዳለሁ። ያን ቀን ግን እኔ የማስበው ሰዓቱ መባከኑን ብቻ ነበር።

ሁመድ በጥርጣሬ ተመለከተኝና ጋሽ ሰይድን በአፋርኛ ጠየቃቸው። እሳቸው እየሳቁ ተረጎሙልኝ። «የጥጡ ሰው ነህ ወይስ የአራዊቱ? እያለ ነው።»

ነገሩ ለሳቅ አልነበረም። የወንዙን ዳር ጥጡ ወስዶበታል፤ ታችኛው ሜዳ ለአራዊት ተከልሎበታል። ካርታ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ለእሱ ግጦሽ ሊቆርስ የመጣ ነው።

«የልጆች ነው፤ አስተማሪ ነው» አሉት ጋሽ ሰይድ።

ሁመድ ወሬውን ጀመረ። ወደ ተራራው የሚያስገባው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አንበሳ ወልዳለች። ትናንት ጠዋት ከድንጋዩ ላይ ሆኖ በዓይኑ አይቷታል። «ሁለት ደቦል አየሁ። ሦስተኛ አለ የምትለው ሚስቴ ናት፤ እኔ አላየሁም። በሸለቆው አትግቡ፤ በግመሉ መንገድ በላይ ሂዱ።» ከሚሌ ከተማ ወዲህ ዝናብ እንደሌለም ሰምቷል። ከማን እንደሰማም ተናገረ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። ወደ ደቡብ፣ ከጥቁሮቹ ድንጋዮች ሥር ያለው ኩሬ ውሃ አለው ወይ? ካለው መንጋውን ወደዚያ ይነዳል። ከሌለው አሁኑኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወንዝ መድረስ አለበት። በዚያ በኩል የጥጡ ዘበኞች ይጣሉታል፣ ግን ውሃ አለ። ፍየሎቹ ውሃ ካዩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እናቱም ከትናንት ጀምሮ የሚጠጡት የቀረችውን ጥቂት የግመል ወተት ብቻ ነበር።

«እኔ በዚያ ካለፍኩ ቆየሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «መምህር፣ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትዞር ነው የምትውለው። አለ?»

ካርታዬን ዘረጋሁ። ኩሬው ሰማያዊ ነው። በጥቅምት ከተማሪዎቼ ጋር ሄደን እግራችንን ታጥበንበታል።

«አለ» አልኩ። «ሙሉ ነው።»

«በዓይንህ አይተሃል?» አለ ሁመድ በጋሽ ሰይድ በኩል።

«በዓይኔ።»

«መቼ?»

ሦስቱም አፍጥጠው ያዩኛል። ሚስቱ ሳትቀር ፍየሎቹን ትታ ታዳምጣለች። ጥቅምት ማለት አሳፈረኝ። «በቅርቡ» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ተረጎሙ። ሁመድ ተነሣና ከእናቱ ወተት አንድ ጉንጭ ቀንሶ በቅል ሰጠኝ። ጠጣሁት።

እነሱ ወደ ደቡብ፣ እኛ ወደ ሰሜን ተለያየን። አራት ሰዓት ሲሆን ተራራው ሥር ደረስን። በካርታዬ ላይ ቀዩ መንገድ የሚያልፈው በሸለቆው ውስጥ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን እንደተነገረን በግመሉ መንገድ በላይ በኩል ወሰዱኝ። ጥቂት እንደወጣን ክንዴን ይዘው ወደ ታች አሳዩኝ። አንበሳይቱ ጥላ ሥር ተጋድማለች። ሁለት ደቦሎች ጭራዋን ይጎትታሉ። ስመለከት ከድንጋዩ ሥር ሦስተኛው ብቅ አለ።

«ሚስቱም ልክ ናት» አሉ ጋሽ ሰይድ በሹክሹክታ።

ካርታዬን አውጥቼ አየሁ። ቀዩን መስመር ብንከተል ኖሮ ይህን ጊዜ እሷ ፊት ነበርን። ያዳነን የዚያ ሰው ቃል ነው። ያየውን ካላየው ለይቶ፣ የደቦል ቁጥር ሳይቀር ጠንቅቆ ነገረን። እኔስ ምን ሰጠሁት?

«ጋሽ ሰይድ፣ ኩሬውን ያየሁት በጥቅምት ነው» አልኩ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አሁን ግንቦት ነው አይደለም እንዴ?»

«ካርታው ላይ...»

«ካርታ ይጠጣል? ያረቢ! አሮጊቷን አላየሃትም? ወላሂ፣ ውሸትህን ያወራኸው በእኔ ምላስ ነው! ሁመድ ያመነው አንተን መሰለህ? የተረጎምኩለት እኔ ነኝ!»

እንፋሎቱን ሳላይ ተመለስን። ጋሽ ሰይድ ፊት ፊት ይሄዳሉ። ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ይነድዳል። አንደኛው ኮዳ ስንሄድ አልቆ ነበር፤ አንድ ጊዜ የቀረውን ከፍቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ ዞረው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

«እሱ ያንተ አይደለም» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጥቁሮቹ ድንጋዮች ጋ ደረስን። ኩሬው ደርቆ ጭቃው እንደ ገል ተሰነጣጥቋል። ሁመድ መሐሉን እስከ ክንዱ ድረስ ቆፍሮ አቧራ አውጥቷል። ሁለት ግልገል ፍየሎች ሞተዋል። ሌሎቹ ድምፅ እንኳ አያሰሙም። እናቱ በግመሏ ጥላ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

ሁመድ ሲያየኝ ጊሌውን መዘዘ። ጋሽ ሰይድ መሐል ገቡ።

«ሁመድ! ውሃ ይዘናል። መጀመሪያ እናትህ ትጠጣ!»

ሚስቱ ማንንም አልጠየቀችም። ኮዳውን ከአንገቴ መንጭቃ ወሰደችው፤ ማንገቻው ጆሮዬን ላጠው። እናቱን ቀና አድርጋ በጠብታ በጠብታ አጠጣቻቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

ሁመድ በጊሌው ጫፍ መሬቱን አሳየኝ። ተቀመጥኩ።

«ንገረኝ» አለ። «እንደገና። ከመጀመሪያው።»

ነገርኩት። በጥቅምት እንዳየሁ፣ ከዚያ ወዲህ ዝር እንዳላልኩ፣ በወረቀቴ ላይ ሰማያዊ እንደሆነ፣ አላውቅም ማለት እንዳሳፈረኝ። ላሳጥር ስል ጋሽ ሰይድ እምቢ አሉ። ሁሉንም አስደገሙኝና ሁሉንም ተረጎሙ።

«አላውቅም ብትል ማን ይመታህ ነበር?» አለኝ ሁመድ።

እስከ ደወል የማቆማቸው ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሁመድ እየመጣ ሳለ ሁለት እረኞች አግኝቶ ነበር። በዳጉ ሥርዓት መሠረት የኔን ወሬ አስተላልፏል። ኩሬው ሙሉ ነው፤ በዓይኑ ያየ ሰው ነግሮኛል ብሏቸዋል። እነሱም መንጋቸውን ወደዚህ አዙረዋል።

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም» አለ። «ዛሬ አስዋሸኸኝ። እዚሁ ትቀመጣለህ። የሚመጣውን ሁሉ አንተ ትነግረዋለህ፤ በራስህ አፍ።»

ጋሽ ሰይድ እነሱን ይዘው ወደ ወንዙ መሄድ ነበረባቸው። ከጥጡ ዘበኞች አንዱ የአገራቸው ልጅ ስለሆነ ለምነው መንጋው ከቦዩ እንዲጠጣ ሊያደርጉ አሰቡ። ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር በአፋርኛ አስጠኑኝ። ውሃ የለም። አለ ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው ያልኩት። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ ያዝኳቸው። ሚስቱ ስትሄድ ኮዳውን እግሬ ሥር ወረወረችው። ውስጡ አንድ ጉንጭ ውሃ ቀርቶ ነበር። ረስታው ይሁን ትታልኝ እስከዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው እረኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናገርኩ። ኩሬውን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሬ አጠገብ ተፋና ፍየሎቹን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ሁለተኛው ድንጋይ አነሣ። ሳይወረውር ጣለው እንጂ ይገባኝ ነበር። እሱም ለሌላ ሰው ተናግሮ እንደነበር በኋላ ጋሽ ሰይድ ነገሩኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋሽ ሰይድ ውሃ ይዘው፣ የጥጥ ካሚዮን መንገዱ ዳር አስቁመው መጥተው ወሰዱኝ። ዘበኛው ፈቅዶ መንጋው ጠጥቷል። በማግሥቱ እሑድ፣ ወሬዬን አምኖ የሚመጣ ሌላ ሰው ቢኖር ብዬ፣ ሳልባል ተመለስኩ። ጋሽ ሰይድም እያጉረመረሙ ተከተሉኝ።

እኩለ ቀን ላይ ግመል የምትስብ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ተናገረች። ጋሽ ሰይድ እየሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ያላየውን አየሁ ያለው ቀጭኑ የልጆች አስተማሪ አንተ ነህ? እያለች ነው። ኩሬው ደረቅ መሆኑን ሰምታለች። በዚህ የምታልፈው መንገዷ ስለሆነ ነው።»

ከማን እንደሰማች ጠየቅኋት። የሰዎቹን ስም በቅደም ተከተል ቆጠረች፤ መጨረሻው ሁመድ ነበር። እውነቱ በአንድ ቀን ዞሮ ቀድሞኛል፤ መልኬንና ሥራዬንም ጨምሮ። ሴትዮዋ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ስላልነበረ እኛም ተነሣን።

የሁመድ እናት ድነዋል ይላሉ ጋሽ ሰይድ። እኔ አላየኋቸውም። ሁመድ በገበያ ቀን ወደ ሱቁ ይመጣል። ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከጋሽ ሰይድ ጋር ዳጉ ይለዋወጣል። እኔ ስገባ ዝም ይላል። እስክወጣ ድረስ አይናገርም፤ እኔንም ምንም አይጠይቀኝም። በዚህ አልቀየመውም፤ ያመኛል እንጂ። በክፍሌ ግን «አላውቅም» ያለ ልጅ ከእንግዲህ አይቆምም።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ወደ ተራራ ወይም ወደ በረሃ ስትሄዱ ከዚያ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ሰዓታችሁን አትዩ፤ ተቀመጡና እስኪጨርስ አዳምጡት። ተራችሁ ሲደርስ ዛሬ ያያችሁትን፣ ድሮ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለየብቻ ንገሩት። የማታውቁትን አላውቅም በሉት። አያፍርባችሁም። ተነሥቶ ሌላ ሰው ይጠይቅና ውሃው ጋ ይደርሳል።